ሪፖርት ላይ የሚሄድ አውቶቡስ

የጋሽ ይርዳውን መርዶ የሰማሁት ለአዲስ ኃላፊ እያጨበጨብኩ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፣ መድረኩ ላይ አበባ ተደርድሯል፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ሰውዬ ማይኩን እየነካካ «እንግዲህ ሞቅ ባለ ጭብጨባ እንቀበላቸው» ሲል ስልኬ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ጋሽ ይርዳው ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ሳሊተ ምሕረት።» ከሥሩ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፣ አንዷ የሚያለቅስ ፊት ለጠፈች፣ ሌላው ደግሞ ሳያነብ መሆን አለበት «እንኳን ደህና መጡ ክቡር ኃላፊ» ብሎ አበባ ላከ። የእኔ እጅ ማጨብጨቡን አላቆመም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሰው ሞት ላይ አጨበጨብኩ።

አዲሱ ኃላፊ ንግግራቸውን ጨርሰው «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ሲሉ ግማሹ አዳራሽ ዞሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አየ። ባዶ ነው። እኛ ቤት አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ከዚያ ወንበር አንድ ረጅም ከሲታ ሰው ይነሳና፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ያንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። የዚያን ዕለት የጠየቀ የለም። ኬክ ተቆረሰና ወደየቢሯችን ሄድን።

እኔ መሠረት እባላለሁ። በከተማው የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ሌሎች ሠሩ የተባለውን መጻፍ ነው። ጋሽ ይርዳው «የወረቀት ሹፌር» ነበር የሚሉኝ። እሳቸው የምሥራቁ በኩል የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ማዶ የትኛው አውቶቡስ፣ በየትኛው ሹፌር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በረዳትነት ነው የጀመሩት፤ ኋላ ሹፌር ሆኑ፣ ከዚያ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ ኃላፊ። ረዳትነቱ ግን አልለቀቃቸውም። ሰው ተሳፍሮ ሲያልቅ የመኪናውን ጎን ሁለቴ መምታት «ሂድ» ማለት ነው አይደል? ጋሽ ይርዳውም ነገራቸውን ሲጨርሱ ያገኙትን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ሁለቴ ይመታሉ። ያን ጊዜ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው፤ ስብሰባውን የጠራው ሌላ ሰው ቢሆንም።

የመሥሪያ ቤቱን ሰርቪስ ተሳፍረው አያውቁም። «ወጥ የሠራ ሰው ሳይቀምስ ያቀርባል?» ይላሉ። ጠዋት ማታ እንደማንም ሰው ሰልፍ ይዘው፣ እንደማንም ሰው ተጋፍተው ነው የሚሄዱት። ሰልፉ ላይ ሕዝቡ መሥሪያ ቤታችንን ሲሰድብ ቆመው ያዳምጣሉ፣ ደብተር አውጥተው ይጽፉታል፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ ያነቡልናል። «ትናንት መገናኛ ላይ አንዲት ልጅ ‹እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም ወይ?› ብላችኋለች። መልስ ያለው እጁን ያውጣ።» ማን እጁን ያወጣል? ሁላችንም ጫማችንን ነበር የምናየው።

ኃላፊዎቻችንን በስም አንጠራም፤ ስማቸውን ሳንለምደው ይነሳሉ። በመጋረጃ ነው የምንጠራቸው። ይሄንንም ያመጡት ጋሽ ይርዳው ናቸው። አዲስ ኃላፊ ሲሾም መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የቢሮውን መጋረጃ መቀየር ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ባለፈው ሰው መጋረጃ ውስጥ ፀሐይ አትገባም መሰለኝ። «መሲ፣ ያ ደብዳቤ የተጻፈው በቡኒው ነው በሰማያዊው?» ይሉኛል ጋሽ ይርዳው፣ እንደ ነገሥታት ዘመን። እኔ ከገባሁ ወዲህ ቡኒው፣ ሰማያዊው፣ ግራጫውና ነጩ አልፈዋል። መጋረጃው ሲቀየር መዋቅሩ ይቀየራል፣ መዋቅሩ ሲቀየር ቢሮ ይቀየራል፣ ቢሮ ሲቀየር መዝገብ ቤቱ ከፎቅ ወደ ምድር፣ ከምድር ወደ ፎቅ ይወጣል ይወርዳል፤ በወጣና በወረደ ቁጥር ጥቂት ፋይል ደረጃ ላይ ይቀራል። ሳይቀየር የሚኖረው ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

የጋሽ ይርዳው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? አንድ አውቶቡስ። ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት ሰፈር አለ። እሳቸውም እዚያው ነበር የሚኖሩት። የሰፈሩ ሴቶች የሚበዙት ቦሌ በኩል፣ ሃያ ሁለትና ሩዋንዳ በሚባሉት ሰፈሮች ሆቴልና እንግዳ ማረፊያ የሚያጸዱ፣ አንሶላ የሚያጥቡ ናቸው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራቸው ላይ መገኘት አለባቸው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ወደ ሰፈሩ አይገባም። እስከ ዋናው መንገድ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ነው የሚኬደው፣ አንድም ከውሻ አንድም ከሌባ ጋር እየተገናኙ። የጋሽ ይርዳው ጎረቤት እትዬ አስካለ ሩዋንዳ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ልብስ ያጥባሉ። አንድ ማለዳ ስልካቸውን ተነጥቀው፣ ተገፍትረው ወድቀው፣ ክንዳቸው ተሰብሮ ተመለሱ። ሐኪም ቤት ያደረሷቸው ጋሽ ይርዳው ናቸው። ክንዳቸው ሲታሰር እትዬ አስካለ «አንተ የአውቶቡስ አለቃ አይደለህም እንዴ? ለሰው ሁሉ አውቶቡስ ስትልክ እኛን እንዴት ረሳኸን?» አሏቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ ነገሩ ነገር ሆነ። «አንድ አውቶቡስ ነው የምለምነው፣ አንድ! አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈሩ የሚነሳ፣ በሃያ ሁለት አድርጎ ሩዋንዳ የሚያደርስ» እያሉ በየስብሰባው ይነሳሉ።

ቡኒው ጥያቄውን ወደዱት። «ጥናት ይጠና» አሉ። ጋሽ ይርዳው ማንንም አልጠበቁም፤ ሦስት ሳምንት በማለዳ እየወጡ፣ መንገዱ ዳር ቆመው፣ ከሰፈሩ የሚወጣውን ሰው እየቆጠሩ ራሳቸው አጠኑ። ጥናቱ ጠረጴዛው ላይ በደረሰ በሳምንቱ ቡኒው መጋረጃ ወረደ። ኃላፊውን ጋቢ አልብሰን ሸኘናቸው።

ሰማያዊው ደግ ሰው ነበሩ፤ እውነት እውነት ነው። ጥናቱን ቁጭ ብለው አንብበው «ይሄማ ውሎ ማደር የለበትም» አሉና መስመሩ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሥራ እንዲጀምር በደብዳቤ አዘዙ። ጋሽ ይርዳው የደብዳቤውን ኮፒ ይዘው ቢሮዬ ገቡ፣ ኮፍያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት። «የወረቀት ሹፌር፣ ዛሬ ሻይ በእኔ ነው! እንቺ ይቺን ያዢልኝ። ኮፒው አንድ ነው፤ የእኔ ቢሮ ነገ ተነሳ ቢባል መሳቢያዬ ራሱ የት እንደሚደርስ አላውቅም። አንቺ ወረቀት አይጠፋብሽም።» ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የዓመቱ ሪፖርት የሚዘጋበት ሳምንት ነበር። የቡድን መሪዬ አቶ ሙሉነህ ዕቅዳችን ውስጥ ያልተሠራች አንዲት መስመር ብቻ እንደቀረች አየ፤ ያቺኑ የጋሽ ይርዳውን። «ተፈርሟል አይደል? የተፈረመ እንደተሠራ ነው የሚቆጠረው። ተከፍቷል ብለሽ ጻፊው፣ መቶ በመቶ እንሙላ» አለኝ። ሰኞ መጀመሩ አይቀርም፣ ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ ጻፍኩ። «መስመሩ ተከፍቶ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል።» ሪፖርቱ ሐሙስ ሄደ። ዓርብ ሰማያዊው ተነሱ። ሰኞ አውቶቡሱ ለሌላ መስመር ተሰጠ።

ግራጫው በትውውቁ ዕለት «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ጋሽ ይርዳው ተነስተው ኮፍያቸውን አወለቁና ጠየቁ። ግራጫው ፊታቸው የተቀመጠውን ወፍራም ጥራዝ ገለጡ። የእኔን ጥራዝ።

«ይሄ መስመር እኮ ተከፍቷል፤ ይኸው! እርስዎ የስምሪት ኃላፊ ሆነው የራስዎን መስመር አያውቁትም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩም መካኒኩም ሳቀ። ጋሽ ይርዳው ቀስ ብለው ዞረው እኔን አዩኝ። ሪፖርቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቢቀስሩ አልቆልኝ ነበር። አልቀሰሩም። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ብለው ተቀመጡ።

ከሰዓት ቢሮዬ መጡና በሩን ዘጉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«መሲ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ጋሽ ይርዳው፣ በእናቴ፣ ሰኞ ይጀምራል ስለተባለ ነው…»

«አንቺ ልጅ፣ አውቶቡስ የሚቆመው ፌርማታ ላይ ነው፣ ወረቀት ላይ አይደለም። አሁን አስካለ ያንቺን ሪፖርት ተሳፍራ ሩዋንዳ ትድረስ?»

አለቀስኩ። «አስተካክለዋለሁ» አልኩ። «እንዴት አድርገሽ?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። የጸደቀ ሪፖርት ነው፤ ወደ ላይ ሄዷል፣ ተመስግኖበታል። ቀደም ብዬ ለአቶ ሙሉነህ ስነግረው «ዕብድ ነሽ እንዴ? ሁላችንንም ልታስበይን ነው?» ብሎኝ ነበር። እና ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ መስመሩ እንዲከፈት መጠየቅ አይቻልም፣ ተከፍቷላ! መሳፈር ደግሞ አይቻልም፣ አውቶቡስ የለማ! ኧረ ወዲያ፣ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ጥርስም አይፈታው።

ጋሽ ይርዳው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

«መሲ፣ መስመሩ አለ ነው ያላችሁት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ኃላፊውም በማይክ፣ በአዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ተከፍቷል› ብለዋል።»

«ብለዋል።»

«በተከፈተ መስመር ላይ አውቶቡስ የሚያሰማራው ደግሞ ማን ነው?»

እሳቸው ናቸዋ! ጠረጴዛዬን ሁለቴ መቱና ወጡ።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ለብልሽት ጊዜ በተጠባባቂነት ዴፖው ጥግ የቆመች አንዲት አሮጌ አውቶቡስ፣ ታደለ የሚባል ሹፌር ይዟት ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳች። እኔም ጸጸቱ አላስተኛኝ ብሎ ያን ማለዳ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ አላመኑም፤ መንገድ ጠፍቶባት የገባች መስሏቸው «ወዴት ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጋሽ ይርዳው በሩ ላይ ቆመው እንደ ድሮ ረዳትነታቸው «ሃያ ሁለት፣ ሩዋንዳ! ሃያ ሁለት፣ ሩዋንዳ!» ይጣራሉ። እትዬ አስካለ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው «ዛሬስ እንደ ሰው ሄድኩ» አሉ። ጋሽ ይርዳው የአውቶቡሷን ጎን ሁለቴ መቱ። እንደዚያን ቀን ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም።

ስምንት ወር ሄደች። የሚነካት ጠፋ። አንድ ቀን የግራጫው ምክትል «ይህችን አውቶቡስ ማን ፈቀደ?» ብሎ ቢመጣ ጋሽ ይርዳው የእኔን ጥራዝ አወጡ፤ ገጹን በእርሳስ ምልክት አድርገውበታል። «እናንተ ናችሁ፤ ይኸው ጀምሯል ይላል። ውሸት ነው ካሉኝ ላቁማትና ውሸት ነው ብለን እንጻፍ?» ምክትሉ ሳል ሳል አለውና ሄደ። እኔ የጻፍኩት ውሸት በእሳቸው እጅ እውነት ሆኖ፣ ሴት ተሸክሞ ቦሌ ይወርድ ነበር። አመሰገንኳቸው። «አታመስግኚኝ፤ ሁለተኛ ግን ከአውቶቡሱ ቀድመሽ አትንጂ» አሉኝ።

ግራጫው ተነሱ፣ ነጩ መጡ። ነጩ ወጣት ናቸው፣ ጎበዝ ናቸው፣ የሰው ነገር አይነኩም። ከላፕቶፓቸው ውጭ ያለ ነገር ግን የለም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። «ሲስተሙን እናጽዳ» አሉ። እያንዳንዱ መስመር የተከፈተበት ደብዳቤ ይቅረብ ተባለ። የጋሽ ይርዳው መስመር ደብዳቤ መዝገብ ቤት ተፈለገ፤ የለም። መዝገብ ቤቱ በግራጫው ጊዜ አንዴ ወጥቶ አንዴ ወርዷል። ኮሚቴ ተቋቋመ። «ያለ ፈቃድ አውቶቡስ ማሰማራት» ይላል ክሱ።

ጋሽ ይርዳው ቢሮዬ መጡ። በሩ ላይ ነው የቆሙት።

«መሲ፣ ያቺ የሰጠሁሽ ወረቀት አለች?»

አለች። ጉልበቴ አጠገብ ናት፣ መሳቢያው ውስጥ። ግን ደብዳቤው ላይ «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ» ይላል። ከሪፖርቴ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ሪፖርቱ የወጣው መስመሩ ሳይጀመር መሆኑን ሕፃን ልጅ ያየዋል። ደብዳቤው እሳቸውን ያወጣል፣ እኔን ያስገባል።

«ፈልጌ አጣኋት፣ ጋሽ ይርዳው» አልኩ።

አዩኝ። የሚያውቁ ይመስለኛል። «እሺ። ከተገኘች ጥሩ» ብለው ሄዱ። የዚያን ዕለት ምንም ነገር አልመቱም።

ኮሚቴው እኔንም ጠራኝ። «መስመሩ በሕጋዊ መንገድ ተከፍቶ ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሪፖርቱ ላይ እንደተገለጸው ነው» አልኩ። ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። የፈሪ መልስ ነው። ጋሽ ይርዳው ከስምሪት ተነሱና ንብረት ክፍል፣ ያረጀ ጎማ ጥበቃ ተመደቡ። አውቶቡሷም ዴፖ ገባች። ጉዱ ደግሞ ይሄ ነው፤ አውቶቡሷን ሲያነሱ መስመሩን ከሪፖርቱ አላነሱትም። የመስመሮቻችን ቁጥር ቀነሰ ሊባል ነዋ! በየሩብ ዓመቱ ያቺን አንድ ረድፍ እኔው እጽፋታለሁ፤ «አገልግሎት በመስጠት ላይ ያለ።»

ጋሽ ይርዳው ጡረታ የወጡት ነጩ ሊነሱ ነው በሚባልበት ሰሞን ነው። ለሚሾም ለሚሻር ሁሉ ጋቢ ስናለብስ የኖርን ሰዎች፣ ለእሳቸው «ሽኝቱ አዲሱ ኃላፊ ሲመጡ ይደረጋል» አልን። መታወቂያቸውን ሊመልሱ የመጡ ቀን ብቅ አሉ። ጎማ ክፍሉ ሳል አሳድሮባቸዋል፤ ኮቱ ሰፍቷቸዋል።

«እንዴት ናት ያቺ መስመር? አሁንም አለች?»

«አለች፣ ጋሽ ይርዳው።»

«አልተሰረዘችም?»

«አልተሰረዘችም።»

«ጥሩ። ያልተሰረዘ ነገር አንድ ቀን ይመጣል» አሉና ጠረጴዛዬን ሁለቴ መቱልኝ። የዚያን ጊዜ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ለቀብሩ መሥሪያ ቤቱ ሁለት አውቶቡስ ሰጠ። ይገርማችኋል፣ ሲሞቱ ሁለት! አዲሱ ኃላፊም ከእኛው ጋር ተሳፈሩ፤ ኃላፊ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ይሄን አልክድባቸውም። የእኛን የሚነዳው ታደለ ነው። በሃያ ሁለት፣ በመገናኛ፣ በሲኤምሲ አድርገን ሳሊተ ምሕረት ደረስን። ከቀብር በኋላ ወደ ለቅሶ ቤቱ፣ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ገባን፣ ከድንኳኑ እዝን ቀምሰን ልንመለስ ተሳፈርን። ታደለ ገና ሞተሩን ሲያስነሳ እትዬ አስካለ ከድንኳኑ እየሮጡ መጡ። ከኋላቸው አራት አምስት ሴቶች። በሩን ይዘው ወደ ውስጥ አዩ።

«ታደለ ልጄ፣ ተመለሰች እንዴ? ከነገ ጀምሮ ነው?»

ታደለ መሪውን እንደጨበጠ ወደ እኛ ዞረ። አዲሱ ኃላፊ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ መስመር አለ አይደል? ትናንት ሪፖርቱን ሳነብ አይቼዋለሁ መሰለኝ።»

አቶ ሙሉነህ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እትዬ አስካለ ደግሞ ቀጠሉ። «እኛ እኮ እስከ ዛሬ ማለዳ ማለዳ እዚህ ቆም ብለን ጠብቀን ነው የምንሄደው። ይርዳው ነፍሱን ይማረውና ‹አልተሰረዘችም፣ መሥሪያ ቤት ጠይቄ አረጋግጫለሁ› ብሎን ነበር።»

አልቀለዱም ነበር ለካ! መሥሪያ ቤት የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔን አምነው ነው የነገሯቸው። እነዚህ ሴቶች በየማለዳው ብርድ ላይ የሚቆሙት የእኔን «አለች» ይዘው ነው።

«የለም፣ ክቡር ኃላፊ» አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ይጮኻል ብዬ አላሰብኩም። «መስመሩ የለም። ከሪፖርቱ ውጭ የለም። ሳይጀመር ጀምሯል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ይርዳው ያለ ፈቃድ አላሰማሩም፤ የተፈረመው ደብዳቤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ጠፋ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

እትዬ አስካለ ትንሽ አዩኝ።

«አይመጣም ማለት ነው?»

«አይመጣም፣ እናቴ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ይሄንን እንኳን እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እውነተኛ ምስጋና ነው፣ እሱ ነው የገደለኝ። ከበሩ ራቅ አሉና በዚያችው አንዴ በተሰበረች ክንዳቸው የአውቶቡሱን ጎን ሁለቴ መቱ። ታደለ ነዳ።

ሃያ ሁለት ስንደርስ አዲሱ ኃላፊ ዘንበል ብለው «በጽሑፍ አቅርቢልኝ» አሉኝ። በማግስቱ ደብዳቤውንም የራሴንም ጥፋት አያይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ቆመው መስኮቱን በሜትር ይለካሉ፤ አንደኛው «ክሬም ነው ያሉት አይደል?» ይላል ለሌላው። እዚያው ቆሜ ሳቅኩ። ጸሐፊዋ ደንግጣ ውኃ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሁለት ወር አለፈ። መልስ የለም፣ ቅጣትም የለም። ልክ እንዳልተናገርኩ ነው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲደርስ ያቺ ረድፍ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ሙሉነህ በቀይ «ይስተካከል» ብሎ መለሰው። «የለም» ብዬ መለስኩለት። እንደገና መለሰው፣ እንደገና መለስኩለት። ትናንት ጥራዙን ተሸክሞ ራሱ መጣና በሩን ዘጋ።

«መሲ፣ እባክሽ። ኃላፊው ሊነሱ ነው እየተባለ ነው። አዲስ ሰው መጥቶ ‹የለም› የሚል ነገር ሲያይ ምን ይላል? ቢያንስ ባዶ ተይው።»

«የለም ማለት የለም ማለት ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ሄደን ፌርማታው ላይ እንቁምና አንተ ራስህ አስተካክለው።»

ጥራዙን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አንስቼ እጁ ላይ መለስኩለትና ጠረጴዛዬን ሁለቴ መታሁ። ደግሞ ለመጪው ትውውቅ የምቀመጥበትን መርጫለሁ፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከበሩ አጠገብ።